ታስሮ የወጣ ሰው ይቀጠር ወይ? የጎንደር ልጆች ክርክር

ጥያቄውን በጎንደር ልጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳችው ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን ያላት ሴት ናት። የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ፈልጋ ማስታወቂያ ለጥፋ ነበር። ከመጡት አመልካቾች ሁሉ የተሻለው አንድ ወጣት ሆኖ አገኘችው። ሒሳብ ተምሯል፤ እጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ አነጋገሩም ረጋ ያለ። ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ በስርቆት ተፈርዶበት አንገረብ ታስሮ እንደነበር፣ ከወጣም አራት ዓመት እንዳለፈው ነገራት። ባሏ ልጁ እንዳይቀጠር ብሏል። እሷ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ያገኝ ነበር፤ እውነት በመናገሩ ሊቀርበት ነው። የሰው የቀድሞ ወንጀል ሥራ ሲሰጠው መታየት አለበት ወይስ የለበትም፣ እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀች።

የመልሶቹ ክር በጣም ረዘመ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ያመንኩበትንም ያላመንኩበትንም እናገራለሁ። ጉዳዩ ከልብ ያሳስበኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ጨዋና አጭር ነበሩ። ቁጥር 1 እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ጥፋቱን በራሱ አንደበት የተናገረ ሰው እንደሚታመን ጻፈ። ቁጥር 2 እግዚአብሔር ይቅር ያለውን እኛ ማን ነን ብላ ደገፈችው።

ከዚያ ቁጥር 3 መጣ። ቅዳሜ ገበያ ሸቀጥ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። አዝኖለት ያለ ተያዥ የቀጠረው ልጅ መጋዘኑን ባዶ አድርጎት እንደጠፋ ነገረን። ዕቃው በብድር የመጣ ነበርና ባንኩ የሚጠይቀው ሌባውን ሳይሆን እሱን ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ርኅራኄ በራስ ገንዘብ እንጂ በባንክ ገንዘብ እንደማይደረግ ተናገረ። ይህን ሰው ጨካኝ ያሉት ነበሩ። እኔ አልልም። ስለ ይቅርታ በነፃ ማውራት የሚቻለው መጋዘን የሌለው ሰው ሲሆን ነው፤ እሱ የደረሰበትን ኪሳራ ከእኛ ማንም አልተካፈለለትም።

ቁጥር 4 ግን አንድ ተገቢ ጥያቄ አቀረበችለት። ያ የዘረፈው ልጅ ከዚያ በፊት ታስሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ነጋዴው በቁጥር 5 በታማኝነት መለሰ። ልጁ ታስሮ አያውቅም። የፖሊስ አሻራ አምጣ ቢባል እንኳ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ይመጣ ነበር። ለእኔ ይህ መልስ ከክሩ ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። አሻራ የሚያሳየው ተይዞ የተፈረደበትን ብቻ ነው። ነጋዴውን የጎዳው ደግሞ ምንም ፋይል ያልነበረው ሰው ነው።

ቁጥር 6 ጠበቃ ነው፤ ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ስለሚመጣ አስታውሱት። ሕጉን በሁለት ከፍሎ አስረዳ። የመንግሥት ሥራን በሚመለከት፣ የ2010ሩ የፌደራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እንደ ስርቆት፣ እምነት ማጉደልና ማጭበርበር ባሉ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው እንዳይቀጠር ይከለክል ነበር፤ ይህ አዋጅ በ2017 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። የግል ድርጅትን በሚመለከት ደግሞ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቀድሞ ፍርደኛን አትቅጠር አይልም። ቅጠር ብሎም አያስገድድም። በአድልዎ ክልከላው ውስጥ ብሔር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት ተዘርዝረዋል፤ የቀድሞ ፍርድ በስም አልተጠቀሰም። አዋጁ ስለ እስር በግልጽ የሚናገረው ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው። የታሰረው ከ30 ቀን ካልበለጠና ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረ ውሉ ታግዶ ይቆያል። በፍርድ ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

ቁጥር 7 እዚህ ላይ ተቆጣ። ቁጣውም ልክ ነው። መንግሥት ራሱ በሩን ዘግቶ ሳለ፣ አንዲት ባለ ፔንሲዮን ለምን ሸክሙን ትሸከማለች ብሎ ጠየቀ። እስረኛን አርሜ አወጣሁ የሚለው መንግሥት ያረመውን ሰው ካላመነ ማን ይመነው አለ።

ጠበቃው በቁጥር 8 የመለሰው ነገር ብዙዎቻችንን አስደነገጠ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚባል ነገር አለው። ቅጣቱን የጨረሰ፣ በአመክሮ የወጣ ወይም ይቅርታ የተደረገለት ሰው ራሱ አመልክቶ ፍርዱን ማሰረዝ ይችላል። የተፈረደበት ጽኑ እስራት ከሆነ ቅጣቱን ከጨረሰ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ጉዳይ ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ መኖር ይጠበቅበታል። የተፈረደበትን ካሣም በአቅሙ መክፈል አለበት። ሕጉ መሰየምን ሲሰጥ በመብትነት አይሰጠውም፤ ሰውየው ሠርቶ የሚያገኘው ነገር ነው። ካገኘው ግን ፍርዱ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ከእንግዲህም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በክፋት ተነሳስቶ ያንን ፍርድ እያነሳ የሚሰድበው ሰው ካለ ደግሞ በስም ማጥፋት ይጠየቃል።

ቁጥር 9 ይህ እውነት ከሆነ ለምን ማንም አልነገረንም ብላ ጻፈች። ወንድሟ ከተፈታ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እኔም ያንኑ ጠየቅሁ። ታራሚ ሲለቀቅ የመፈቻ ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ ወረቀት ጋር ስለ መሰየም አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢሰጠው ምን ይጎዳል? ጠበቃው የባለ ፔንሲዮኗንም ጉዳይ አስልቶ ነግሯታል። ልጁ የተፈረደበት ቀላል እስራት ከነበረ ጊዜው ድሮ አልፏል። ጽኑ ከነበረም የቀረው አንድ ዓመት ነው።

ቁጥር 10 ሽማግሌ ናቸው፤ ትውልዳቸው ወገራ። ሁሉም አባባ ይሏቸዋል። የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። በአገራቸው ሰው ገድሎ ታስሮ የመጣ ሰው እንዴት ወደ ኑሮው እንደሚመለስ በዝርዝር ነገሩን። ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ። የሟች ወገን እሺ እስኪል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ካህናት ባሉበት ካሣ ተከፍሎ፣ መሐላ ተደርጎ ደሙ ይደርቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ሟችን አንስቶ ገዳዩን የሚወቅስ ሰው መሐላውን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ሰውየው ያርሳል፣ ደቦ ይጠራል፣ ለቅሶም ሠርግም ይጠራል። አባባ ያስገረማቸው ከተማው ነው። በእርቅ ከገዛ ጠላቱ ጋር አንድ ገበታ የቀረበ ሰው፣ ጎንደር ሲገባ ጥበቃ ሆኖ እንኳ አይቀጠርም።

የሽማግሌዎቹን ሥርዓትና የወንጀል ሕጉን አንቀጽ ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱም ጊዜ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ካሣ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ሲያበቃ የድሮውን ማንሳት ነውር ያደርጉታል። ከሁለቱም ውጭ የቀረው የከተማው የሥራ ገበያ ነው።

ከቁጥር 11 እስከ 14 ወሬው ወደ ታሪክ ሄደ። አንዱ ወህኒ አምባን አነሳ። በዚያ ተራራ ላይ ታስረው ከነበሩት መሳፍንት መካከል በካፋ በ1713 ዓ.ም. ወርዶ ጎንደር ላይ መንገሡን አስታውሶ፣ እስረኛ ያነገሠች ከተማ እስረኛ መቅጠር አቃታት ወይ አለ። ሌላው ወዲያው አረመው። መሳፍንቱ እዚያ የተቀመጡት በዘራቸው ምክንያት፣ ዙፋን እንዳይሻሙ እንጂ ወንጀል ሠርተው እንዳልሆነ ጻፈ። እርማቱ ትክክል ነው። ቀጥሎ በካፋ ተራ ሰው መስሎ አገር ያያል የሚባለው አፈ ታሪክ መጣ፤ ከዚያ ቋራ ሲታመም ምንትዋብን እንዴት እንዳገኛት፤ ከዚያ ደግሞ ወደ አምባው በየት በኩል በእግር እንደሚኬድ። ደስ የሚል ወሬ ነበር፤ ከጥያቄው ግን ራቀ።

ወደ ጥያቄው የመለሰችን ቁጥር 15 ናት። አስተማሪና እናት ናት፤ ቃሏም ሹል ነበር። ሁላችሁም ስለ ስርቆትና ስለ ጠብ ነው የምታወሩት አለች። ሕፃን የደፈረ ሰውስ? አምስት ዓመት ስላለፈ ብቻ የትምህርት ቤት ጥበቃ ይሁን? ፍርዱ ተፍቆ ርዕሰ መምህሩ ምንም ሳያውቅ ያ ሰው በር ላይ ልጆቿን እንዲቀበል አትፈልግም። እኔም አልፈልግም። ይህን ስል ሐሳቤን የቀየርኩ አይመስለኝም። ወንጀሉ ከሥራው ጋር በቀጥታ ሲነካካ መታየት አለበት። ሕፃን የጎዳ ሰው ሕፃናት ካሉበት ቦታ ይራቅ፤ ብሎኬት ቢያመርት፣ ድንጋይ ቢጠርብ ግን ማን ይጎዳል? ጥያቄው መሆን ያለበት ይህ ሰው ያጠፋው ጥፋት ይህን ሥራ ይመለከታል ወይ የሚለው ነው።

ቁጥር 16 ለወንጀለኛ የሚከራከር ሁሉ የወንጀለኛ ዘመድ ነው ብሎ ተሳደበ። ቁጥር 17 በባሰ ስድብ መለሰለት። የመድረኩ ኃላፊ በቁጥር 18 ሁለቱንም አስጠነቀቀና ክሩን ለጊዜው ዘጋው። ከዚያ በፊት የነበረው ጨዋነት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ቁጥር 19 ሾፌር ነበር። አዘዞ መንገድ ላይ በማታ ሲነዳ እግረኛ ገጭቶ ሰውየው ሞተ። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈርዶበት ታሰረ። መኪና ዳግመኛ መንዳት አይፈልግም፤ መሪ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያመለከተው ለጽዳት ሥራ ነው። ወረቀቱ ላይ ሰው መግደል የሚለውን ያዩ ሁሉ በቸልተኝነት የሚለውን ሳያነቡ መለሱት። የዚህን ሰው መልስ ደግሜ ነው ያነበብኩት።

ቁጥር 20 ደግሞ ጭራሽ ያልተፈረደበት ነው። በግርግር ጊዜ በአፈሳ ተይዞ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ወራት ቆይቶ ተለቀቀ። ሥራ ሲያመለክት በእነዚያ ወራት የት ነበርክ ይባላል። እውነቱን ሲናገር ፊታቸው ይለወጣል። ጠበቃው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ጠቅሶ፣ ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ሆኖ እንደሚቆጠር አስታወሰ። ሰውየው ግን ይህንን ለቀጣሪ እንዴት እንደሚያስረዳ ነው የጠየቀው። ለዚያ መልስ የሰጠው የለም።

ቁጥር 21 በአጭሩ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች የት እንደሚሄዱ ነገረን፦ መተማ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አሻራ የሚጠይቅ የለም፤ የሚፈለገው ጉልበት ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ተመልሰው እዚሁ ናቸው።

22ኛው የእኔ ነው። ሁሉም ስለ ወረቀት ያወራል፤ እዚህ ከተማ ግን በር የሚዘጋው ከወረቀቱ በላይ ተያዥ ነው አልኩ። ሱቁም፣ ሆቴሉም፣ ወርቅ ቤቱም መጀመሪያ የሚለው ተያዥ አምጣ ነው። ተያዥ የሚሆነው ደመወዝ ያለው አጎት ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ጎረቤት ነው። ታስሮ የወጣ ልጅ እነዚህን ሰዎች በሙሉ አንድ ጊዜ አስቸግሯል። ለዋስትና ሮጠዋል፣ ስንቅ አመላልሰዋል፣ ለጠበቃ ከፍለዋል። ዳግመኛ ፈርሙልኝ ለማለት አፍ የለውም። ቢልም የአጎቱ ሚስት እሺ አትልም። ፍርድ ቤት መዝገቡን ቢፍቀው ሰፈሩ አይፍቀውም። ስለዚህ ሕጉ ብቻውን ልጁን እስከ ሥራው በር አያደርሰውም።

ጠበቃው በቁጥር 23 ስለ ተያዥ የሚጠቅም ነገር ጨመረልኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም ይላል። ብዙ ሰው ተያዥ መሆንን የሚፈራው ቤቴን እሸጣለሁ ብሎ ነው። ውሉ ላይ መጠኑ ተቆርጦ ከተጻፈ፣ ፈራሚው እስከ ስንት እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርማል። ይህንን ለዘመዶቻችሁ ንገሩ። አጎት ያልተወሰነ ዕዳ ከሚፈርም የተወሰነ መጠን ቢፈርም ይደፍራል።

ቁጥር 24 ማራኪ አካባቢ የእንጨት ሥራ ያለው ሰው ነው። ማረሚያ ቤት ውስጥ አናጢነት የተማረ ልጅ ቀጥሮ፣ አሁን ቁልፍ የሚሰጠው ለእሱ እንደሆነ ጻፈ። አንድ መቶ ብር ከጠፋ ግን ሁሉም ሠራተኛ ዞሮ የሚያየው ያንን ልጅ ነው። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ማታ ሲወጣ ሳይጠይቁት ኪሱን ገልብጦ ያሳያል። አሠሪው ይህን እንዲተው ስንት ጊዜ እንደለመነው ተናገረ።

ቁጥር 25 አሜሪካ የሚኖር የጎንደር ልጅ ነው። እዚያ ሃዋይ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ፣ አሠሪ ሥራውን ሊሰጥ ከወሰነ በኋላ ካልሆነ በስተቀር ስለ ወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቅ እንደተደረገ፣ ሌሎች ግዛቶችም እንደተከተሏት ነገረን። ዲቫ ፔጀር የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችውንም ጠቀሰ። ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ እኩል ብቃት ያላቸውን ወጣቶች ለሥራ ስትልክ፣ ታስሬ ነበር ካሉት ነጮች 17 በመቶው፣ ካላሉት ደግሞ 34 በመቶው ተጠርተዋል። ከጥቁሮቹ 5 እና 14 በመቶ። እኛም እንደ ሃዋይ ጥያቄውን ከቅጹ ላይ ማውጣት አለብን አለ።

ቁጥር 26 የዩኒቨርሲቲ መምህር ነች፤ በአክብሮት አረመችው። አማንዳ ኤጋንና ሶንያ ስታር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን ጥናት አነሳች። ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ጥያቄው ከቅጹ ሲወጣ፣ ነጭ አመልካቾች ከጥቁሮቹ ይበልጥ የሚጠሩበት ልዩነት ከ7 ወደ 43 በመቶ አድጓል። አሠሪዎቹ መጠየቅ ሲከለከሉ መገመት ጀመሩ። ቁጥር 27 የአሜሪካ ሕግ እዚህ አይሠራም ብሎ ሁለቱንም ዘለፋቸው። እኔ ግን የመምህሯ ነጥብ እዚህም ይሠራል እላለሁ። ጎንደር ውስጥ ያለ አሠሪ መጠየቅ ቢከለከል የልጁን ሰፈር አይቶ፣ ጓደኞቹን አይቶ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ይገምታል። ያኔ ምንም ያላጠፋውም የዚያ ሰፈር ልጅ አብሮ ይቀራል። ጥያቄውን ከማፈን ይልቅ ጠይቆ፣ የመለሰውን ሰው ሰምቶ፣ ከሥራው ጋር አገናኝቶ መወሰን ይሻላል።

በቁጥር 28 ባለ ፔንሲዮኗ ተመለሰች። ልጁን ብትወስደው የዕቃ ክፍሉን እንዴት ትጠብቅ? ሆቴል ያስተዳደረ ሰው በቁጥር 29 ከማንም ይልቅ ተግባራዊ መልስ ሰጣት። ዕቃ ተቀባይና ዕቃ አውጪ አንድ ሰው አይሁን። ቆጠራ በየሳምንቱ ይደረግ፤ ሁለት ሰው ይፈርም። ግዢ የሚያዘው ሌላ ሰው ይሁን። ይህን ለማንም ሠራተኛ ማድረግ እንደሚገባት፣ የነጋዴውም መጋዘን የተራቆተው ይህ ሁሉ ስላልነበረ እንደሆነ ጻፈ። ነጋዴው ቁጥር 30 ላይ አልተከራከረም። ቆጠራ የሚያደርገው በዓመት አንዴ እንደነበረ ተናገረ።

በቁጥር 31 ባለ ፔንሲዮኗ ባሏን እንዳሳመነችና ልጁን ለሦስት ወር ሙከራ እንደምትቀጥረው ነገረችን። ጠበቃው አረማት። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መደረግ አለበት። ልጁ መሰየም መጠየቅ ከፈለገ ደግሞ ጉዳዩ የሚታየው በፍርድ ቤት ነው። የፍርዱን ግልባጭና የመፈቻ ወረቀቱን ይዞ ማመልከት ይችላል። ጠበቃ መቅጠር ካልቻለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ክሩ በዚህ ያበቃል ስል፣ ቁጥር 33 አዲስ ጠብ አነሳ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሊነገራቸው ይገባል፣ አብረውት የሚሠሩት እነሱ ናቸው አለ። ቁጥር 34 እና 35 ደገፉት። የእንጨት ሥራ ባለቤቱ ግን በጭራሽ ብሎ ተቃወመ፤ በራሱ ቤት የሆነውን አይቷል። አስተማሪዋ በአንድ በኩል መብታቸው ነው ትላለች፣ በሌላ በኩል ልጁ ያሳዝናታል። እስካሁን ወደ 50 መልስ ደርሷል፤ አልተስማሙም።

እኔ አይነገር ከሚሉት ወገን ነኝ። ልጁ የነገረው ለቀጠረችው ሴት ነው፤ ቁልፉን የምትሰጠውም ቆጠራውን የምታየውም እሷ ናት። ለአስተናጋጇና ለልብስ አጣቢዋ የሚነገርበት ምክንያት አይታየኝም። መናገር ካለበት፣ ሲፈልግ ራሱ ይንገራቸው።